ለተደበቁት ቤቶች አድራሻ የሆኑት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው፣ የሴቶች መጠለያዎች ኅብረት መሥራችና የመጀመሪያዋ ሰብሳቢ የነበሩት ውድ እናታችን፣ ከጽሕፈት መኪና ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የካቲት 11 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። ቤታቸው ከዳቦ መጋገሪያ ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ የፊተኛውን ክፍል ግማሽ የእናታቸው የስፌት መኪና፣ ግማሹን ደግሞ አባታቸው ሊጠግኗቸው ያመጧቸው የጽሕፈት መኪናዎች ስለያዙት ልጆቹ ሁሉ የሚተኙት በኋለኛው ክፍል ነበር። በዚያ ቤት ሰው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ከመኪናዎቹ ጩኸት በላይ ለመሰማት እንጂ ለቁጣ እንዳልነበረ እትዬ ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ ዘመን ሥራቸው ሲታወቅ፣ ሊያነጋግራቸው የመጣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ አባትዎ እናትዎን ይመቱ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም፣ «አባቴ እናቴን መምታት ቀርቶ ክር ሲበጠስባት ተነሥቶ የሚቀጥልላት ሰው ነበር። ጥርስ ሐኪም ለመሆን የግድ ጥርስ መታመም አለበት እንዴ?» ብለው ይመልሱለት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ በጽሕፈት ግን ደካማ ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸውን ያየ ሁሉ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ልጅ ስለሆነች ነው እያለ ይቀልድባቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የስልክ ኦፕሬተርነት ሥልጠና ወስደው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማገናኛ ክፍል ተቀጠሩ። በዚያም ለሃያ ዓመት ሠርተዋል። ከሐኪም እስከ ጥበቃ ሰውን ሁሉ በድምፁ ያውቁት ስለነበር፣ ስሙን ሳይናገር የደወለ ሰው እንኳ ከእሳቸው አያመልጥም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ አባታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል። አባታችን በ1982 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩን እትዬ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበሩ። ሁለቱን ልጆቻቸውን እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው አሳደጉ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ ልጃቸው፣ እንደ እናት ለስላሳ እንደ አባት ቁጡ ነበሩ የሚባለውን አትቀበልም፤ ቁጣውም ልስላሴውም የእናታችን የራሳቸው ነበር።

የስልክ ማገናኛ ክፍላቸው በድንገተኛ ክፍሉ መቀበያ በኩል አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረችው። ከመስኮቷ ባሻገር ሴቶች በየሳምንቱ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ምን ሆነሽ ነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ከደረጃ ወደቅሁ። እትዬም አንድ ቀን የሻይ ሰዓት ላይ የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ ለሆኑት ጓደኛቸው ለሲስተር፣ «እኔ የምለው፣ እነዚህ ሴቶች የመጡበትን ሠፈር አውቀዋለሁ፤ ሁሉም ቤት መሬት ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ደረጃ ከየት መጣ?» አሉ። ሲስተር ሳቁ። ሻያቸውን ግን አልጨረሱትም። በ1985 ዓ.ም. ሁለቱ አንድ ባለ አራት መኝታ ቤት ተከራይተው የመጀመሪያዋን ሴት ከነልጆቿ ተቀበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላም እትዬ የሆስፒታሉን ሥራ ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚሁ ሰጡ።

መጠለያ ማለት እንደ ሌላው ቤት አይደለም። በሩ ላይ ምልክት የለውም፤ ታክሲ እበሩ ድረስ አይመጣም፤ ጎረቤት ማን እንዳለበት አያውቅም። አድራሻው ከታወቀ አሳዳጁ ባል በማግስቱ ደጃፉ ላይ ነው። እትዬ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ያጠብቁ ነበር። ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን ሰው ሳይቀር ያየኸውን አላየህም፣ የሰማኸውን አልሰማህም ብለው አስምለው ነበር ያስገቡት። በዚሁ ጥብቅነታቸው እጅግ ይኮሩ ነበር። ሕይወታቸውን የቀየረው ስሕተትም የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

በሚያዝያ 1991 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሲስተር ከሆስፒታሉ አድራሻውን ሰጥተው የላኳት አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ፀጉር ሠሪ የአራት ዓመት ልጇን አዝላ በሩን አንኳኳች። የከፈቱላት እትዬ ራሳቸው ነበሩ። ለአሥራ አራት ሰው በተዘጋጀው ቤት በዚያ ሳምንት ሃያ አንድ ሰው ያድር ነበር፤ ፍራሽ ያልተዘረጋበት ኮሪደር አልነበረም። «እህቴ፣ ዓርብ ሁለት ሰው ይወጣልኛል። እስከዚያ ዘመድ ጋ ቆዪልኝ» ብለው ሸኟት። ዘመድ አልነበራትም። ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ስትደርስ የግራ ክንዷ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ የቀኝ ጆሮዋም ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። በልጇ ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ወሬው በሠራተኞቹ በኩል ከቧንቧ ሠራተኛው ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ መሣሪያ ሳይዙ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ፣ «እትዬ፣ አፍህን ዝጋ ተብዬ ዘጋሁ። ግን ከኋላዎ ግንብ ማዶ ያሉት ሴትዮም ልክ እንደ እርስዎ ነው ያስማሉኝ። የሁለታችሁ ቤት ፍሳሽ እኮ አንድ ነው። ማክሰኞ እዚያ ነበርኩ፤ ሦስት አልጋ ባዶ ነበር» አሏቸው።

ለስድስት ዓመት ሁለት መጠለያዎች ጀርባ ለጀርባ በአንድ ግንብ ተጣብቀው ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። አያውቀውም ብቻ አይደለም፤ እትዬ ከኋላችን ያለው ቤት የልጆች ጩኸት አላስተኛን ብለው ለሠፈሩ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብተው ነበር። ከኋላ ያለው ቤትም ስለ እነሱ ተመሳሳይ አቤቱታ አስገብቶ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ፋይል ውስጥ ተያይዘው ተገኝተዋል። ዛሬ ሲወራ ያስቃል፤ ያን ዕለት ግን እትዬ አልሳቁም። ምስጢር መጠበቅን የመሰለ ነገር የለም ይሉ የነበሩት ሴትዮ፣ ጠብቀውት የነበረው ምስጢር አንዲትን እናት ክንድና ጆሮ እንዳስከፈለ አወቁ። ሆስፒታል ሄደው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯት፤ ይቅርታም ጠየቋት። ፀጉር ሠሪዋ ወዲያው ይቅር አላለቻቸውም። እትዬም በዚያ አልፈረዱባትም።

ከሆስፒታሉ ሲመለሱ የሠፈሩን ዙሪያ ሩብ ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የኋለኛውን ቤት በር አንኳኩ። የቤቱ ኃላፊ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። በሩን አልከፈቱላቸውም፤ በቀዳዳ እያዩ ማስረጃ ጠየቋቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ከፈቱ። በሩ የተከፈተ ዕለት የጀመረው ወዳጅነት ዳኛዋ እስካረፉ ድረስ ሃያ ዓመት ሙሉ በጭቅጭቅ ቆይቷል።

እንግዲህ ሁለት ቤት ከተገኘ ስንት ሌላ ይኖራል? እንዳይገኝ ብሎ የተደበቀን ሰው ለስብሰባ እንዴት ይጠሩታል? ሁለቱ ሴቶች ለወራት ያወጡና ያወርዱ ጀመር። መላው በመጨረሻ የተገኘው ከቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ እንዲህ ያለውን ቤት ኃላፊዋ ብትደብቀውም ዳቦ ጋጋሪውና የመድኃኒት ሻጩ ያውቁታል አሉ። እትዬ በየዳቦ ቤቱና በየመድኃኒት ቤቱ እየዞሩ የታሸገ ፖስታ ሰጡ። በውስጡ የስልክ ቁጥርና ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር። «በቀን ስልሳ ዳቦ የምትገዛ፣ የማን እንደሆነ የማትናገር ሴት ስትመጣ ስጣት። ለእኔ ግን ማን እንደሆነች እንዳትነግረኝ» ይሉት ነበር ዳቦ ሻጩን። በአራት ወር ውስጥ ዘጠኝ ቤቶች ደወሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በጥቅምት 1992 ዓ.ም. በሆስፒታሉ የልብስ መተኮሻ ክፍል ተካሄደ። አሥራ አንድ ሴቶች በጥቁር መነጽርና በሻሽ ተጀቡነው ሲገቡ ለእርቅ የተሰበሰቡ ሽፍቶች ይመስሉ ነበር ይሉ ነበር እትዬ። የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ሲዞር ማንም አልፈርምም አለ። ዳኛዋ ያልተፈረመበት ቃለ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ አይባልም ብለው ሙጭጭ አሉ። በመጨረሻም እያንዳንዷ በስሟ ፋንታ የፈለገችውን ሥራ እንድትጽፍ ተስማሙ። የኅብረታችን የመጀመሪያ ሰነድ እስከ ዛሬ እንደሚያሳየው፣ በዕለቱ የተገኙት ልብስ ስፌት፣ ጫማ እድሳት፣ ዳቦ ቤት፣ ሰዓት ጥገና፣ ሁለት ፎቶ ቤቶችና ሌሎችም ናቸው። ቤቶቹ ዛሬም በእነዚሁ ስሞች ይጠራሉ። ሁለቱ ፎቶ ቤቶች ግን ማን ስሙን ይቀይር በሚለው ላይ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኛዎቹ ድር መጀመሪያ እርስ በርሱ ነበር የተጠላለፈው። ሆኖም አንድ ነገር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሠራ። በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት ወደ እትዬ ቤት ይደውልና ስንት ባዶ አልጋ እንዳለው ይናገራል። የትኛውም ቤት የሌላውን አድራሻ አያውቅም፤ አልጋ እንዳለው ግን ያውቃል። የሃያ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር የነበሩት እናታችን የምግብ ጠረጴዛው ላይ የልጅ ደብተር ዘርግተው፣ በዚያ በማይነበብ ጽሕፈታቸው እየመዘገቡ ሴት ወደ ቤት፣ ቤት ወደ ሴት ያገናኙ ነበር። ሴቲቱንም አልጋ ያለው ቤት ራሱ ሰው ልኮ ይወስዳት ነበር። ከዚያ ወር ጀምሮ ቦታ የለም ተብላ ከበር የተመለሰች ሴት አልነበረችም።

ቧንቧ ሠራተኛውን በተመለከተ፣ ቀድመው ባለመናገራቸው እትዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆጥተዋቸው ቆዩ፤ ከዚያም አገቧቸው፤ እኛም «አባባ» አልናቸው። ጋብቻው በ1994 ዓ.ም. ተፈጸመ። ጥያቄውን ያቀረቡት ከወጥ ቤት ገንዳ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ሲሆን፣ መልሱም «መጀመሪያ ውኃውን ያቁሙት» የሚል እንደነበረ አባባ ራሳቸው መስክረዋል። ለሁለታችን ልጆች እንጀራ አባት ሳይሆኑ አባት ሆነውልናል።

በ1995 ዓ.ም. ኅብረቱ መተዳደሪያ ደንብ ሲያወጣ፣ ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ይሁን ወይስ እንደ አልጋው ብዛት በሚል ሦስት ስብሰባ ተጨቃጨቁ። በሦስተኛው ስብሰባ ሻይ ልታቀርብ የገባችው ያቺው ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ከዳነች በኋላ በዳኛዋ ቤት ትሠራ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ፣ ደህናውን ጆሮዋን ወደ ተሰብሳቢው አዙራ ትንሽ አዳመጠችና፣ «ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። ስለ አልጋው ድምፅ ትከራከራላችሁ፤ አልጋው ላይ ስለምትተኛዋ ድምፅ ያነሣ የለም። እኛ የት ነን?» አለች። እትዬ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ አፍሬአለሁ፣ ሁለቱንም ያሳፈረችኝ እሷው ናት ይሉ ነበር። ከአመራሩ ሲሶው በመጠለያ ኖረው ከወጡ ሴቶች እንዲመረጥ በዚያው ዕለት ተወሰነ። ያቺ ወጣት የዛሬዋ የኅብረቱ ሰብሳቢ፣ «እርስዎ» የምንላቸው የተከበሩ እህታችን ናቸው። ይህ እንዲጻፍም ራሳቸው ፈቅደዋል።

የኅብረቱ ትልቁ ፈተና ግን ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ነበር። የምዝገባው መሥሪያ ቤት የአባላቱን አድራሻ ዝርዝር ለአሥራ አምስት ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳይለጥፍ አይመዘግብም። እትዬ አድራሻቸው ከተለጠፈማ መጠለያ አይደሉም ብለው ለሰባት ዓመት ተመላለሱ፤ ማመልከቻቸው ስድስት ጊዜ ተመልሷል። በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ደግሞ በስልሳ ቀን ውስጥ በተመዘገበ ማኅበር ሥር ያልተጠቃለለ መጠለያ ሁሉ እንዲዘጋ የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። ያን ጊዜ ቤቶቹ ሃያ ሦስት፣ በውስጣቸው ያሉት ከሦስት መቶ በላይ ነበሩ።

ዳኛዋ የማኅበራት ምዝገባ አዋጁን ይዘው ሦስት ቀን ተቀመጡና አንድ አንቀጽ አገኙ። ሕጉ የሚጠይቀው አባሉ የሚኖርበትን ሳይሆን ደብዳቤ የሚደርሰውን ቦታ ነበር። ሁሉም ደብዳቤያቸውን በአንድ ቦታ ሊቀበሉ ይችላሉ። ቦታውም የማንም ይሁን፣ በግልጽ ይለጠፋል። እትዬ ዳኛዋን ጨርሰው እንኳ አላስጨረሱም፤ የእኔን ቤት ጻፉት አሉ። ሠፈሩን፣ መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር፣ ስማቸውንም ሳይቀር።

ይህን የምትጽፈው ልጃቸው በዚያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ስትሆን በዚያው ቤት ትኖር ነበር። ስትሰማ አበደች። የሚስቱን ደብዛ ያጣ ሁሉ ወደኛ ሊመጣ አይደል፣ እኛስ ልጆችሽ አይደለንም ወይ ብላ አለቀሰችባቸው። እትዬ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ የኛን በር የሚያንኳኳ ሰው የሚያገኘው እኔን ነው። የነሱን ካንኳኳ ግን ሚስቱን ነው የሚያገኘው» አሏት። ለሦስት ሳምንት አላናገረቻቸውም። ዛሬ በእናንተ ፊት የምትናዘዘው ይህንኑ ነው፤ እናቷ ትክክል ነበሩ፤ እሷም ፈርታ ነበር።

ማስታወቂያው ተለጠፈ። በአሥራ አምስቱ ቀን ውስጥ አምስት ወንዶች መጡ። አንዱ የሳሎኑን መስኮት በድንጋይ ሰበረ። አንዱ በር ላይ ቆሞ ሚስቴን አምጪ እያለ ጮኸ። አንዱ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ አበባ ይዞ መጣ፤ እትዬ ከሁሉም የፈሩት እሱን ነበር። አባባ በእነዚያ ቀናት ሥራ አልሄዱም። የግቢውን ምንም ያልሆነ ቧንቧ በትልቁ መፍቻ ሲፈቱና ሲያጠብቁ ይውሉ ነበር። እትዬ ግን እያንዳንዱን ሰው በሩን ከፍተው፣ በዚያ በስልክ ድምፃቸው፣ «ጤና ይስጥልኝ። እሷ እዚህ የለችም፤ ያለችበትንም አላውቅም። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። መልእክት ካለዎት እቀበላለሁ» ይሉት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከሃያ ሦስቱ ቤቶች የሃያ አንዱን አድራሻ እስከ ዕለተ ሞታቸው አያውቁትም ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የሴቶች መጠለያዎች ኅብረት ተመዘገበ። ከሃያ ሦስቱ ቤቶች አንዱም አልተዘጋም።

እትዬ ኅብረቱን እስከ 2010 ዓ.ም. መርተዋል። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል ስለ መጠለያዎች ሲመክሩ የኅብረቱ ወንበር በሕግ እንዲቀመጥ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ኅብረቱ ዛሬ አርባ አንድ ቤቶች አሉት። ሽልማት ሲሰጣቸው ተቀብለው፣ ቤት ሲደርሱ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጡትና አቧራ ይጠጣ ነበር። ልጆቻቸው አቧራውን ስንጠርግ፣ ተዉት፣ ሥራ ፈታችሁ እንዴ ይሉን ነበር። እኛ ግን ኮርተንባቸዋል። ዛሬም በአደባባይ እንኮራባቸዋለን።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ያላሰለሰ እንክብካቤ ላደረጉላቸው ሐኪሞችና ነርሶች ምስጋናችን የላቀ ነው።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ ሌላ ስማቸውን እዚህ ልናሰፍር የማንችል ብዙ ልጆች አሏቸው። ዛሬ በመካከላችሁ ቆመዋል። ብዙዎቹ በአደባባይ ሊያለቅሱላቸው ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ለመምጣትም ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቃቸው እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን። ስለዚህ እናታችን በመጨረሻው ሳምንት በአልጋቸው ላይ ሆነው ያዘዙንን እናደርሳለን። በዚህ ቀብር ላይ ፎቶግራፍ አታንሡ። አጠገባችሁ የምታለቅስ የማታውቋት ሴት ካለች፣ እትዬን በምን ታውቂያቸዋለሽ ብላችሁ አትጠይቋት። እጇን ያዟት፣ ይበቃል።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። ላዘናችሁ ሁሉ፣ ስም ላላችሁም ስማችሁ ለተደበቀም፣ መጽናናትን ይስጥልን።

ቤተሰቦቻቸው